ያልተነሳው ጣት

...እና አንድ ጣት ማንሳት ብቻ ነው፣ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት፣ ሬዲዮ የሚሉት ባልደረባዋ ሦስቴ ነግሯታል፣ ራሷ ለሁለት መቶ ሰው ስትናገር የኖረችውን መልሶ ለእሷ፣ እትዬ ከጨነቀሽ ጣትሽን ብቻ አንሺ፣ በአምስት ሰከንድ አወጣሻለሁ፣ አምስት ሰከንድ ይላል እንዴ፣ አሥራ አምስት ይፈጃል፣ እሷም አምስት እያለች ነው ስትዋሽ የኖረችው፣ ዛሬ በተራዋ ተዋሸች። ጥሩ። የእጇን ነው ያገኘችው።

ቀዝቃዛ ነው። ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ ልክ የሚወስዱበት ዱቄት ነው፣ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ እርጎ ይወፍርና ወዲያው እንደ ጄሊ ይረጋል፣ የጥርስ ሳሙና ሽታ አለው፣ ቅንድብ ተሸፈነ፣ ዓይን ተሸፈነ፣ ጨለመ፣ ጉንጭ፣ አሁን አፍ፣ አፍ ከተዘጋ ወሬ የለም፣ ከዚህ ዓለም ጋር የሚያገናኟት ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ፣ ሬዲዮ በትንሽ እንጨት ዙሪያቸውን እየጠረገ ክፍት ናቸው፣ ተንፍሺ ይላል፣ ትተነፍሳለች፣ አየሩ እያፏጨ ይገባል። ሃያ ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ምን አላት፣ ሻይ ጥዶ፣ ጠጥቶ መነሳት ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ከዚያ በላይ ትቆማለች፣ ሰው በሃያ ደቂቃ አይሞትም። ይሞታል እንዴ?

አይሞትም።

ሰው ቢሰማ ምን ይላል፣ ፊልም ሠሪው ሁሉ ጭራቅ ባማረው ቁጥር የሚደውልላት ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፊት ስትሸፍን የኖረች፣ ራሷ አንድ ቀን ተሸፍና አታውቅም፣ ሁልጊዜ ሰበብ አላት፣ ከኔ የሚፈለገው እጄ ነው፣ ፊቴን ማን አየው ትላለች፣ ይስቃሉ፣ እውነቱን ግን አንድም ሰው አያውቅም፣ ብርድ ልብስ ከአገጯ በላይ እንደማታወጣ፣ አንገቱ የጠበበ ሹራብ ስታጠልቅ ትንፋሿን እንደምትይዝ፣ ፀጉር ቤት ትኩስ ፎጣ ፊቷ ላይ ጣል ሲያደርጉባት ዘላ ተነስታ ስልክ ጠራኝ እንዳለች። ያውም ስልኳን ቤት ረስታ።

ዛሬ ግን ስልክ ጠራኝ የለም። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አንድ ስፖርተኛ ቁጭ ብሏል፣ የፊልሙ ዳይሬክተር ነው ያስቀመጠው፣ በክፋት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው፣ ሰኞ ቀረጻ ይጀመራል፣ የፊት ልኩ ዛሬ ካልተወሰደ ጭምብሉ አይደርስም፣ ካልቻልሽ ንገሪኝ፣ ምንም አይደል፣ እሱ ይገባል አላት፣ ስፖርተኛው ምስኪን፣ ትከሻው በር አያስገባው፣ እንደ ትርፍ ጎማ ሲጠቆምበት ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እንዲያው መጥላት እንኳ አይቻልም። ጣቷን ካነሳች ያ ሰው ይገባል፣ የጭራቁ ሚና የሱ ይሆናል። አርባ ዓመት የጠበቀችው ጭራቅ። የወሬ አርባ አይደለም፣ የምር አርባ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አሁን አርባ ዘጠኝ።

እንዴት እንደ መጣማ ተአምር ነው፣ የመጀመሪያው ተዋናይ፣ ያ ሎጋ፣ ሙጫው አልስማማ ብሎት ቆዳው ተቆጣ፣ እንደ ቲማቲም ቀላ፣ ሐኪም ከለከለው፣ እግዜር ይማረው፣ በሰው ሽፍታ እድሌ ወጣ ማለት ደስ አይልም፣ ግን ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ፀጉሩን እየነጨ አሁን ማን ይራመድልኝ ሲል ሬዲዮ፣ ይኼ አፉ የማያርፍ ሰው፣ ስሙን በከንቱ አላወጡለትም፣ እሷ አለች አይደል እንዴ አለ፣ እስከ ዛሬ ጭራቆቹን ሁሉ መራመድ ያስተማረች ማን ናት፣ ዝም በል ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፣ ዳይሬክተሩ ከእግር እስከ ራሷ አያትና እስቲ ተራመጂ አላት። ተራመደች። ያለ ጭምብል፣ በሱሪና በሽርጥ፣ አንድ ትከሻ ዝቅ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ አንገት ከሰውነት ዘግይቶ ሲዞር፣ የመብራት ሠራተኛው ኧረ በእናትሽ ተይ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው አለ፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ዳይሬክተሩ አልሳቀም፣ አንቺ ነሽ አለ። ሁለት ቃል። ቀለም ያለበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች፣ ቀለሙ ከሱሪዋ እስካሁን አልለቀቀም።

እና ታመሰግናለች፣ አፏ ቢዘጋም ታመሰግናለች፣ ሬዲዮን ታመሰግናለች፣ ሎጋውን ከነሽፍታው ታመሰግናለች።

ድምፁ ራቀ። ጆሮዋንም ሸፈነው ማለት ነው። ሬዲዮ ስለ ጎረቤቱ ውሻ እያወራ ነው መሰለኝ፣ ውሻው ጫማ ሰረቀ፣ አንዱን እግር ብቻ፣ ምን ያደርግለታል፣ ልቧ እዚህ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ይደልቃል፣ ጄሊው እየረጋ ነው፣ እየያዘ ነው፣ ጉንጯን ልታንቀሳቅስ ብትሞክር አይሆንም፣ አትሞክሪ፣ ማን ሞክሪ አለሽ፣ ጣቷ፣ ኧረ ጣቷ፣ ከወንበሩ ክንድ ላይ በራሱ ጊዜ ብድግ ሊል ነው፣ ወይ ጉድ፣ ተኛ! አየው ይሆን፣ አላየም፣ ውሻው ላይ ነው። ሌላ ነገር አስቢ። ስፌቱን አስቢ።

ስፌቱን። በዘጠኝ ዓመቷ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ አንድ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ፣ ጭራቁ ከረግረጉ ወጣ፣ ውሃው ከትከሻው እየተንጠባጠበ፣ ግማሹ ልጅ ሶፋ ሥር ገባ፣ ግማሹ እናቱን ጠራ፣ እሷ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች፣ ዞር በይ፣ ከለልሽን፣ አንገቱ ላይ አየችው፣ ጭምብሉ ከሰውዬው ቆዳ ጋር የሚገናኝበትን ቀጭን እጥፋት፣ በጭምብሉ ቀዳዳ ደግሞ ዓይን፣ የደከመው፣ የሞቀው፣ ሥራው ላይ ያለ ሰው ዓይን፣ ሰው ነው! ብላ ጮኸች፣ ውስጡ ሰው አለ፣ ሰው ነው የሠራው! ልጆቹ ፊልማችንን አበላሸሽ ብለው በትራስ ቀጠቀጧት፣ ምን ገዷት፣ ማስፈራት ሥራ ነው ማለት ነው፣ እንደ ልብስ ስፌት፣ እንደ ግንብ፣ ተምረው የሚይዙት ነገር፣ ያን ቀን ደስታ እንቅልፍ ነሳት።

ከዚያማ እማዬ አበሳዋን አየች። ዱቄት በውሃ፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ ቀይ ቀለም፣ ጉንጯ ላይ ቁስል ሠርታ ወጥ ቤት ስትገባ እማዬ የያዘችውን ድስት ለቀቀችው፣ ኡኡ አለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የውሸት መሆኑ ሲታወቅ በጥፊ፣ አንቺ ልጅ ልቤን ልታቆሚው ነው ወይ፣ አባዬ ከሥራ ገባ፣ ለሳኝ ነበር፣ የሰው ግድግዳና ጣሪያ በጀሶ ሲያለሰልስ ውሎ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጥቶ የሚገባ፣ እማዬ ከሰሰች፣ እሱ ተንበረከከ፣ ጉንጯን ወደ መስኮቱ አዞረና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ሁለተኛ ጥፊ ጠበቀች፣ ጠርዙ ወፍሯል አለ። መሃሉ ጥሩ ነው፣ ጠርዙን አቅጥኚው፣ የት እንደ ተጀመረ ዓይን ማግኘት የለበትም።

እስከ ዛሬ ለተማሪዎቿ የምትለው እሱኑ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቃል አልጨመረችበትም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ። ወደዚያ አትሂጂ፣ ዛሬ ወደዚያ አይኬድም። ሄደች። እማዬ ገበያ፣ አባዬ ሥራ፣ በር ሥር ግማሽ ከረጢት ጀሶ፣ ፊልም ሠሪዎች የፊት ልክ በጀሶ እንደሚወስዱ የሆነ ቦታ ሰምታለች፣ እንዴት እንደሚወስዱ ግን አልሰማችም፣ በሳፋ በጠበጠችው፣ አፏ ውስጥ የለስላሳ ስትሮ ሻጠች፣ በጀርባዋ ተኛችና በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ደፋችው፣ ቅባት የለ ምን የለ፣ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ማንም አልነገራትም፣ ከዚያ ቅንድብና ሽፋሽፍት ይዞ አይለቅም፣ ከዚያ ስትሮው ታጠፈ።

ተንፍሺ። ክፍት ነው። ዛሬ ሌላ ቀን ነው፣ ሌላ ክፍል ነው፣ ውሻው ሁለተኛውንም ጫማ ወሰደው ይላል ሬዲዮ፣ ተንፍሺ።

የአባዬ እጅ ነው የደረሰላት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠራ፣ በቃ፣ ለዚያ ነው በሕይወት ያለችው፣ መጀመሪያ በቤት ቁልፍ ጫፍ አፍንጫዋን ፈልፍሎ ከፈተላት፣ እማዬ መዶሻ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ስትመጣ አትንኪያት አላት፣ ጭኑ ላይ አስተኛት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ዘይት፣ ከጠርዙ ጀምሮ በጣቱ፣ ፀጉር በፀጉር፣ ያወራላት ነበር፣ ስለ አንድ ግድግዳ፣ አልረጋ ስላለ ግድግዳ፣ እንዴት አባብሎ እንዳረጋው፣ ምንም ታሪክ የሌለው ግድግዳ እስከ አሥር ሰዓት አወራላት። አንድ ቅንድቧ ከጀሶው ጋር ሄደ። ትምህርት ቤት አንድ ቅንድብ አሏት፣ ሲያድግላት እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ቀለሙንም፣ ዱቄቱንም፣ ከጋዜጣ የቆረጠቻቸውን ጭራቆችም ጠቅልላ ቆሻሻ ላይ ጣለች፣ እማዬ ተመስገን አለች፣ አባዬን ግን ቆሻሻው ውስጥ እጁን ሰዶ ጭራቆቹን ሲያወጣ በመስኮት አይታዋለች።

በሳምንቱ እሁድ ነይ አላት። ንጹሕ ጣሳ ይዟል፣ የተነፋ ጀሶ፣ ቫዝሊን፣ ሁለት ስትሮ፣ አልመጣም አለች፣ ፊቴን አላስነካም፣ ባንቺ ላይ ማን አለ፣ በኔ ላይ ነው አለ። አግዳሚው ላይ ተጋደመ፣ ፎጣ አነጠፈ፣ እያንዳንዱን ነገር እየነገራት፣ መጀመሪያ ቫዝሊን፣ ለቅንድብ እጥፍ፣ ጀሶ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ ውሃ ወደ ጀሶ አይደለም፣ ስትሮዎቹን እዚህ፣ ጣቴን ካነሳሁ አውጪኝ፣ ካላነሳሁ አንቺ ጨረስኩ እስክትዪኝ እተኛለሁ፣ አትቸኩይ፣ ሥራ በጥድፊያ አይሆንም። ትንንሽ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ግንባር፣ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫው አካባቢ ስትደርስ ቀጥ አሉ፣ መንቀጥቀጡ ለቀቃት፣ ለዘላለሙ ለቀቃት፣ የራሷ ፊት ላይ ቀረ እንጂ እጇ ላይ አልተመለሰም። ሥራዋ በጣም ከማማሩ የተነሳ፣ ወይ ልጅነት፣ ጓደኞቿን ልትጠራ ሄደች። አባቷን ጀሶ ሥር ትታ። ሦስት ቤት ዞረች፣ አንዷ ምሳ ካልበላሁ አለች፣ ጠበቀቻት፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት አርባ፣ ተሰልፈው ሲገቡ አባዬ እንደ ተኛ ነው፣ እጁ ደረቱ ላይ፣ ጣቱ አልተነሳም፣ በደስታ ነቅነቅ አድርጋ አወጣችው፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ጨረስኩ ማለቱ የት ትዝ ይላታል፣ ሲነሳ ሸሚዙ ከጀርባው እስከ ወገቡ በላብ ርሶ ተጣብቋል፣ ምነው አባዬ፣ ኧረ አባዬ ዋኘህ እንዴ፣ ሳቁበት፣ ይሞቃል አለ፣ ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል፣ አብሯቸው ሳቀ።

ሬዲዮ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፣ የላዩን የጨርቅ መጠቅለያ ጨረስኩ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቀረሽ፣ አንበሳ ነሽ እትዬ፣ አንበሳ የለም፣ አንድ ነገር በጀርባዋ መሃል እየወረደ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣ ወገቧ ላይ ሸሚዟ ተጣብቋል፣ ወንበሩ ሁሉ ርሷል፣ ላብ ነው፣ ይገርማል፣ ፊቷ እኮ ቀዝቃዛ ነው፣ ጄሊው በረዶ ነው፣ ክፍሉም አይሞቅም፣ ምን አላባት

ቆይ።

ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ እሷ ግን በላብ ተጠምቃለች። ጀሶ ይሞቃል፣ አዎ፣ ፊት ያሞቃል፣ ጀርባ ግን ምን አገባው፣ ያን እሁድ የአባዬ ጀርባ ለምን ራሰ፣ ፎጣ ላይ የተኛ ሰው ጀርባ።

ሊፍቱ። አባዬና ሊፍቱ፣ ሠራተኞቹ የሚስቁበት፣ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ፣ ከረጢት ጀሶ በትከሻው፣ ሊፍቱ ባዶውን ሲወጣና ሲወርድ፣ ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ነው ይላል፣ እሷም ምሳ ይዛለት ስትሄድ አባዬ ጉልበት ይወዳል ብላ አመነችው፣ ከዚያ እማዬ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ ልብሱን እያጣጠፈች፣ አንሶላ እንኳ ያባትሽ ፊት ላይ ደርሶ አያውቅም፣ በወጣትነቱ መሠረት ሲቆፍሩ አፈር ተንዶበት እስኪያወጡት ድረስ ከሥሩ ቆየ፣ ከዚያ ወዲህ በር ዘግቶ ገላውን ታጥቦ አያውቅም አለች፣ ሰማች፣ አዘነች፣ ሸሚዙን ተቀብላ አጣጠፈች፣ በቃ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ። ሊፍቱ አንድ ቦታ፣ አፈሩ አንድ ቦታ፣ ያ እሁድ ሌላ ቦታ፣ ሦስቱ ተገናኝተው አያውቁም። አርባ ዓመት። እሷ፣ ጠርዝ ፈልጎ ማግኘት ሥራዬ ነው የምትለው እሷ።

ዓይኑስ። ኧረ ዓይኑ። እዚሁ ክፍል፣ ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ፣ የመጀመሪያው የጀሶ ፊት፣ ከዚያ እሁድ ልክ የወጣው፣ አፍንጫው ተሸርፏል፣ ሬዲዮ አባባ ይለዋል፣ ሲገባ ሰላም ይለዋል፣ እሷ ግን ማስተማሪያ አድርጋዋለች፣ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ አውርዳ ታሳያለች፣ እዩ፣ ይኼ ስህተት ነው፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨምቆታል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ዓይንህን ዘና አድርግ ማለት አላወቅኩም፣ ስንት ዓመት ስህተት አለችው፣ ስንት ሰው ፊት፣ ስህተት አይደለም፣ አባዬ ነው፣ አፈር ሥር ተኝቶ ጓደኞቿን ጠርታ እስክትመጣ የጠበቀ አባዬ፣ ሊፍት የማይገባ ሰው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ለምን፣ ለጭራቅ፣ ልጁ ከቆሻሻ ላይ የጣለችውን ጭራቅ መልሳ እንድታነሳ።

አሁን እንባ መጣ። አይሆንም፣ ልኩ ይበላሻል፣ ይምጣ እንጂ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ከተጨፈነ ዓይን ሥር መውጫ አጥቶ ይሞቃል፣ የዛሬው የመጀመሪያ ሙቀት ይኼ ነው፣ ጣቷ የወንበሩ ክንድ ላይ ነው፣ ከብዷል፣ ደስ የሚል ክብደት፣ ፍርሃቱ አልሄደም፣ እዚሁ አለ፣ ይኑር፣ አባዬም ዘንድ ነበረ፣ አብሮት ተኛ፣ እሷም ዘንድ ይተኛ። አባዬ እናመሰግናለን። እናመሰግናለን አይደለም፣ አመሰግናለሁ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ፣ አንድ ቅንድብ።

ሁለት ደቂቃ ይላል ሬዲዮ። ይበል። ሠላሳ ቢልም ትተኛለች።

ከዚያ እጆቹ፣ ከጆሮ ጀምሮ፣ ቀስ፣ አየር ገባ፣ ፊትሽን አሸብሽቢ ይላል፣ ታሸበሽባለች፣ ጠርዙ ለቀቀ፣ ብርሃን ባገጯ በኩል ገባ፣ ጉንጭ፣ ዓይን፣ እንደ ሕፃን ሙሉ ፊቷ ርሶ ቁጭ ትላለች፣ ሬዲዮ ልኩን ገልብጦ መብራት ሥር እያየ ያወራል፣ ወጥቷል እትዬ፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ አረፋ የለበትም፣ ዓይንሽን ግን ጨምቀሽዋል፣ ልክ እንደ አባባ፣ አንቺው ስህተት ነው ስትዪን፣ ግድ የለም ጭምብሉን ስንቀርጽ በሸክላ ጭቃው እናስተካክለዋለን፣ ኧረ ሸሚዝሽ! ምን ሆነሽ ነው፣ ውሃ ደፋሁብሽ እንዴ?

ይሞቃል፣ ትላለች። ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል።

ምን ጀሶ፣ በረዶ ነው እኮ ያደረግሁብሽ።

አታስተካክለው ትለዋለች፣ ዓይኑን ተወው፣ ጭራቁ እንደዚያ ነው፣ ፍርሃት ያለበት ነው። ሬዲዮ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፣ ከኮሪደሩ የወንበር ድምፅ ይሰማል፣ ስፖርተኛው እየተነሳ ነው፣ ዳይሬክተሩ እሺ፣ አንተ ሂድ ይለዋል፣ እንኳን ደስ አለሽ እትዬ ይላል ስፖርተኛው በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ ትላለች። እስከ መደርደሪያው አምስት እርምጃ ነው፣ ጄሊው ገና ከአንገቷ እየተላጠ ይወድቃል፣ ነጩን ፊት በሁለት እጇ ታወርደዋለች፣ ክብደቱ ከምታስታውሰው ያንሳል፣ አውራ ጣቷን የተጨመቀው ዓይን ላይ፣ ሽብሽቡ ላይ ታሳርፋለች፣ ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እና ሬዲዮ እየሰማ ነው፣ ይስማ፣

አባዬ፣ ጨረስኩ።